የደሴ ዝናብ የየትኛው ባሕር ነው?

ባሕር ዛፍ እንላለን። በቆሎን የባሕር ማሽላ የሚሉ አዛውንቶችም አሉ። ውጭ አገር የሄደ ሰው ባሕር ማዶ ሄደ ይባላል። በአማርኛችን ባሕር ማለት ሩቅ ማለት ነው። ከደሴ በላይ ያለውን የጦሳ ተራራ ተዳፋት የሸፈነው ዛፍ ከአውስትራሊያ ስለመጣ የባሕር ስም ተሰጠው። ዝናቡን ግን «የባሕር ዝናብ» ብሎ ሲጠራ የሰማሁት ሰው የለም። ደመና ጦሳ አናት ላይ ሲጠቁር ሰው ቀና ብሎ ያያል። ልብሱን ከገመድ ላይ ያነሳል። «ተመስገን» ወይም «አልሐምዱሊላህ» ይላል። ውሃው ከየት ተቀድቶ እንደመጣ አይጠይቅም።

ይህን መጠየቅ የኔ ሥራ ነው። የአየር ንብረት አጠናለሁ። የምኖረው ደሴ፣ የማስተምረው ኮምቦልቻ ነው። ጠዋት በመካከላቸው ያለውን የሐረጎን ቁልቁለት እወርዳለሁ፣ ማታ እወጣለሁ። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። 25 ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል እንወርዳለን። ደሴ ላይ ሹራብ ለብሶ የተሳፈረ ሰው ኮምቦልቻ መግቢያ ላይ ያወልቀዋል። አራት ዲግሪ ያህል ልዩነት አለ። የምሳፈርበት መኪና ዶልፊን ይባላል። ብዙዎቻችን ዶልፊንን የምናውቀው በመኪናው ነው፤ ዓሣ የሚመስለውን እንስሳ አላየነውም። ቅርብ የሚባለው ባሕር እንኳ በአየር ቢለካ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቀናል።

አጎቴ ደሴ ዙሪያ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። አንድ የበልግ ዋዜማ እናቴ ቤት ቡና ላይ ተቀምጠን ነበር። ቶናው ሲቀዳ ወደ እኔ ዞር አሉና፣ «ልጄ፣ ባሕሩን ታነቢያለሽ አሉ። እስቲ ንገሪኝ፣ ገብሱን ልዝራው ወይስ ልቆይ?» አሉኝ። ዝም አልኩ። ጥያቄያቸው የአንድ ቃል መልስ ይፈልጋል። እኔ ያለኝ መልስ ደግሞ ሕንድ ውቅያኖስን አቋርጦ፣ ሰላማዊ ውቅያኖስን (ፓስፊክን) ዞሮ የሚመጣ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የማነበውን ሁሉ በዚያች ጥያቄ እመዝናለሁ።

መጀመሪያ ስለ ባሕሩ ጠባይ። ባሕር ቀርፋፋ ነው። እናቴ ሽሮ የምትሠራው በሸክላ ድስት ነው። ሸክላ ቶሎ አይግልም። አንዴ ከጋለ ግን ከእሳት ወርዶ፣ ማዕድ ላይ ቀርቦም ሽሮው ይንተከተካል። ባሕርም እንደዚያው ነው። አንድ ኪሎ ውሃን በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ፣ ያንኑ ያህል አየር ከሚፈልገው አራት እጥፍ ገደማ ሙቀት ያስፈልጋል። ከምድር ገጽ 71 በመቶው ባሕር ነው። የላይኛው ሦስት ሜትር ያህል ውሃ ብቻውን መላው አየር የሚይዘውን ያህል ሙቀት መያዝ ይችላል። የሰው ልጅ ከሰል፣ ነዳጅና ጋዝ በማቃጠሉ ምድር ላይ ከቀረው ትርፍ ሙቀት ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው የገባው ባሕር ውስጥ ነው። ከምናወጣው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝም ሩብ ያህሉን ባሕር ይውጠዋል። ያ ጋዝ ውሃውን ወደ አሲድነት ይገፋዋል። ቀንድ አውጣውና ዛጎሉ፣ ኮራሉም ቤታቸውን የሚሠሩበትን ንጥረ ነገር እያሳጣቸው ነው።

እኛ ሙቀት መጨመሩን በአየሩ ነው የምንለካው። አየሩ የሚነግረን ግን ጥቂቱን ነው። እውነተኛው ሒሳብ ባሕሩ ዘንድ ተቀምጧል። ነገ ጠዋት ዓለም ሁሉ ጭሱን ቢያቆም እንኳ ሽሮው ለብዙ ዘመን ይንተከተካል። የባሕሩ ወለል ለብዙ መቶ ዓመታት ከፍ ማለቱን አያቆምም።

ይህ የቀርፋፋነቱ ክፉ ጎን ነው። ደግ ጎንም አለው። ቀርፋፋ ነገር አስቀድሞ ያስታውቃል። የዛሬ ሳምንት ደሴ ላይ ደመናው የት እንደሚሆን ማወቅ ከባድ ነው። የባሕሩ ሙቀት ግን ዛሬ ከፍ ካለ ከወር በኋላም ከፍ እንዳለ የመቆየት ዕድሉ ብዙ ነው። ዝናባችን በባሕሩ ሙቀት የሚመራ ከሆነ፣ ባሕሩ ከዝናቡ በፊት ለኛ ጊዜ ይሰጠናል ማለት ነው። «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ» እንላለን። የኔ ሐሳብ በአጭሩ ይኸው ነው። ባሕሩ ጊዜ ይሰጠናል፣ ያንን ጊዜ ግን እያባከንነው ነው። ዘላቂ ስለሚባል ቴክኖሎጂ ስናወራም መጀመሪያ መጠየቅ ያለብን ይህን ጊዜ ለመጠቀም ያግዘናል ወይ የሚለውን ይመስለኛል።

ወሎ ሁለት ዝናብ አለው። በልጉ ከየካቲት እስከ ግንቦት፣ ክረምቱ ከሰኔ እስከ መስከረም። እናታቸው አንድ አይደለችም። የበልጉ እርጥበት በዋናነት የሚነሳው ከሕንድ ውቅያኖስና ከዓረብ ባሕር ነው። ከሰሜን በኩል ቀዝቀዝ ያለ አየር ቁልቁል ዘልቆ ሲመጣ ይገናኛሉ፣ ያኔ ይዘንባል። ካልተገናኙ ሰማዩ ዳምኖ ውሎ ሳይጥል ይመሻል። በልግ እንዲህ የሚያታልለን ለዚህ ነው። ለመዝነብ ሁለት ርቀው የሚኖሩ እንግዶች በአንድ ቀን መምጣት አለባቸው።

የክረምቱ ዝናብ ማኅበሩ ሰፊ ነው። ከአትላንቲክ ተነስቶ የኮንጎን ደን ተሻግሮ የሚመጣ እርጥበት አለ። ከሕንድ ውቅያኖስ የሚመጣ አለ። ቀይ ባሕርም የራሱን ያዋጣል። ከበላያችን ደግሞ፣ ከ12 ኪሎ ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ፣ ከሕንድ ወደ አፍሪካ የሚሮጥ ፈጣን ነፋስ አለ። እሱ ሲበረታ ክረምታችን ይበረታል። ሲደክም ይደክማል። ይህን ነፋስ ከሚያደክሙት ነገሮች ዋነኛው ኤልኒኖ ነው።

የኤልኒኖ አገሩ ከኛ ከ15 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ጦሳ ላይ ቆማችሁ ምድርን ቁልቁል ብትበሷት የምትወጡት ከዚያ ብዙም ሳይርቅ፣ ሰላማዊ ውቅያኖስ መሃል ነው። ስሙን ያወጡለት የፔሩ ዓሣ አጥማጆች ናቸው። ሙቅ ውሃው ገና አካባቢ ስለሚመጣባቸው በሕፃኑ በክርስቶስ ስም «ሕፃኑ» አሉት። በደኅናው ዓመት ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚነፍስ የማያቋርጥ ነፋስ የላይኛውን ሙቅ ውሃ ወደ ኢንዶኔዥያ ይገፋዋል። ግፊቱ ቀላል አይደለም። በኢንዶኔዥያ በኩል የባሕሩ ወለል ከደቡብ አሜሪካው በኩል በግማሽ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይቆማል። ከሁለት እስከ ሰባት ዓመት ባለው ጊዜ አንዴ ግን ነፋሱ ይደክማል። የተከመረው ሙቅ ውሃ ወደ መጣበት ይንሸራተታል። ሙቅ ውሃ ባለበት አየር ወደ ላይ ይነሳል፣ ደመና ይሆናል፣ ይዘንባል። አየር አንድ ቦታ ከተነሳ ሌላ ቦታ መውረድ አለበት። በሚወርድበት ቦታ ደመና አያድግም። በኤልኒኖ ክረምት አየር ከሚወርድባቸው ቦታዎች አንዱ የኛ ሰማይ ነው።

በ2007 ዓ.ም. በልጉ ቀረ። ክረምቱን ደግሞ ኤልኒኖ መታው። ያ ኤልኒኖ ሲጠነክር የሰላማዊ ውቅያኖስ መሃል ከመደበኛው ከ2 ዲግሪ በላይ ሞቀ። በ2008 ዓ.ም. በአገራችን ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው የአስቸኳይ ጊዜ ምግብ ፈላጊ ሆነ። ሁለት ዲግሪ ነው ይህን ያደረገው። ሻይ ላይ ሁለት ዲግሪ ቢጨመር ምላሳችን አያውቀውም።

ወሎ ይህን ታሪክ በደሙ ያውቀዋል። አያቶቻችን ክፉ ቀን የሚሉት፣ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የነበረው ረሀብ፣ የከብት እልቂትና ድርቅ ተደራርበው ያመጡት ነው። በዚያው ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1888፣ ኤልኒኖ ተነስቶ ነበር። ከዚያ 1965 እና 66 አለ። ከዚያ ሰባ ሰባት። የሰባ ሰባቱን ስም ደሴ ውስጥ ስትጠሩ ትልልቆቹ ዛሬም ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ባሕሩን ብቻ ከሳሽ ሆኜ ልቀርብ ግን አልፈልግም። በ77 ጦርነት ነበር። የሞተውን ለመደበቅ የፈለገ መንግሥትም ነበር። ድርቁ ከባሕር ሊመጣ ይችላል። ረሀቡ በአብዛኛው ከሰው ነው።

አንድ ነገር ሁልጊዜ ይከነክነኛል። ከሰባ ሰባት ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1982 እና 83፣ ከዚያ ክፍለ ዘመን ብርቱ ኤልኒኖዎች አንዱ ተነስቶ ነበር። አስቀድሞ ያየው የለም። በዓለም ላይ ያሉ ታላላቅ የባሕር ሳይንቲስቶች የተረዱት ከተፋፋመ በኋላ ነው። ያ እፍረት ግን ሥራ ሠራ። በሰላማዊ ውቅያኖስ ወገብ ላይ በመልሕቅ የታሰሩ 70 ያህል ተንሳፋፊ መለኪያዎች ተተከሉ። ሥራው እ.ኤ.አ. በ1994 ተጠናቀቀ። ከዚያ በኋላ ደግሞ አርጎ የሚባሉ፣ ቁመታቸው ሰው የሚያህል፣ የሚገፋቸው ሞተር የሌላቸው ሲሊንደሮች በዓለም ባሕሮች ሁሉ ተለቀቁ። ዛሬ ቁጥራቸው ወደ 4 ሺህ ይጠጋል። እያንዳንዱ እስከ 2,000 ሜትር ጠልቆ፣ ሙቀቱንና ጨውነቱን እየለካ ይወጣል። በየ10 ቀኑ ለሳተላይት ይናገራል። ተመልሶ ይጠልቃል። ስለ ዘላቂ ቴክኖሎጂ ሲወራ ሰው ወዲያው የሚያስበው የፀሐይ ሰሌዳና የኤሌክትሪክ መኪና ነው። ለወሎ ገበሬ ከማንኛውም ማሽን በላይ ቅርብ የሆነው ግን ይህ ብቻውን ጨለማ ውስጥ የሚወጣ የሚወርድ ቱቦ ይመስለኛል።

የሕንድ ውቅያኖስን ነገር ሳስብ አዝናለሁ። እዚያም እንደ ሰላማዊ ውቅያኖሱ በመልሕቅ የታሰሩ መለኪያዎች ታቅደው ነበር። በምዕራቡ በኩል፣ ማለትም በኛው በኩል፣ የሶማሊያ የባሕር ላይ ዘራፊዎች በነበሩበት ዘመን መርከቦች መሄድ ስላልቻሉ ሥራው ተጓተተ። የበልጋችን ውሃ የሚነሳበት ባሕር በደንብ ካልተለኩት አንዱ ሆኖ ቆየ።

ከበልጉ ጋር የሚያታግለን እንቆቅልሽም አለ። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ወዲህ በምሥራቅ አፍሪካ ከመጋቢት እስከ ግንቦት የሚጥለው ዝናብ እየሳሳ ሄዷል። ሕንድ ውቅያኖስ ደግሞ በመቶ ዓመት ውስጥ አንድ ዲግሪ ያህል ሞቋል፤ ፈጥነው ከሞቁት ባሕሮች አንዱ ነው። የኮምፒውተር ሞዴሎቹን ስንጠይቅ ግን ዓለም ስትሞቅ ይህ ዝናብ ይጨምራል ይሉናል። መሬቱ ቀነሰ ይላል፣ ሞዴሉ ይጨምራል ይላል። በሙያው ውስጥ ይህን የምሥራቅ አፍሪካ የአየር ንብረት ተቃርኖ ይሉታል። ከሚሰጡት ማብራሪያዎች አንዱ በምዕራብ ሰላማዊ ውቅያኖስ ያለው ውሃ ከልክ በላይ ሞቆ አየሩን ወደ ራሱ እየሳበው ነው የሚል ነው። የክረምቱ ዝናብ በረጅሙ ሲታይ እንዲህ ያለ ግልጽ መቀነስ አላሳየም። ስለዚህ አጎቴ «በልግ ድሮ ቀረ» ሲሉ ያረጀ ሰው ትዝታ ነው ብዬ አላልፈውም። ቁጥሩም ይኸንኑ ይላል።

ባሕር የሚልክልን ዝናብና ድርቅ ብቻ አይደለም። በጥቅምት 2013 የመጣውን አንበጣ አስታውሱ። በደቡብ ወሎ፣ በሰሜን ወሎ፣ ማሽላውና ጤፉ ሊታጨድ ሲል ሰማዩ ቡኒ ሆነ። ሰው ጅራፍ እያጮኸ፣ ቆርቆሮ እየቀጠቀጠ ከማሳ ማሳ ሮጠ። ያ መንጋ የተጸነሰው ከባሕር ነው። በ2010 ግንቦት መኩኑ፣ በ2011 ጥቅምት ሉባን የተባሉ ሁለት ማዕበሎች ከዓረብ ባሕር ተነስተው የዓረብን ምድረ በዳ በውሃ አጠቡት። አሸዋው ለመለመ። አንበጣው ማንም ሰው በማይደርስበት ቦታ ትውልድ በትውልድ ላይ ተራባ። በ2012 ደግሞ ሕንድ ውቅያኖስ በምዕራቡ በኩል እጅግ ሞቆ ምሥራቅ አፍሪካን በጎርፍ አጥለቀለቀው። በኅዳር መጨረሻም ፓዋን የተባለው ማዕበል ሶማሊያን መታ። አንበጣው እንደገና ምቹ መሬት አገኘ። ከመጀመሪያው ማዕበል እስከ ቃሉ ወረዳ ማሽላ ድረስ ከሁለት ዓመት በላይ አለ። ባሕሩ ጊዜ ይሰጣል የምለው እንዲህ ያለውን ነው።

ታዲያ የተሰጠንን ጊዜ የት እያጠፋነው ነው? እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ የቀጠናችን አገሮች ባለሙያዎች ከየወቅቱ በፊት እየተገናኙ ትንበያ ያወጣሉ። የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩትም የራሱን ያወጣል። ኮምቦልቻ ውስጥ የምሥራቅ አማራን ሰማይ የሚከታተል ማዕከል አለ። ሥራው አለ። ትንበያው ግን የሚወጣው «ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ፣ ከመደበኛ በታች» በሚል ቋንቋ ነው። ለምሳሌ ከመደበኛ በታች የመሆን ዕድሉ 40፣ መደበኛ 35፣ ከመደበኛ በላይ 25 በመቶ ይባላል። ለሳይንቲስት ይህ ሐቀኛ አነጋገር ነው። አጎቴ ግን ይህን በቴሌቪዥን ሲሰሙ «መደበኛ ማለት ስንት ቀን ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ልክ ናቸው። ገበሬ የሦስት ወር ድምር አይዘራም። እሳቸው የሚፈልጉት መቼ እንደሚጀምር፣ መሃል ላይ ስንት ቀን እንደሚያቋርጥ፣ መቼ እንደሚያበቃ ነው። ድምሩ ሞልቶ ሦስት ሳምንት ቢያቋርጥ ቡቃያው ይደርቃል። ድምሩ ጎድሎ በደንብ ቢከፋፈል ገብሱ ይደርሳል።

የባሕሩ ጊዜም ወሰን አለው። የኤልኒኖ ትንበያ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ደካማ ነው። ሰላማዊ ውቅያኖስ በዚያ ወቅት ሐሳቡን ገና አልቆረጠም። ግንቦትና ሰኔ ላይ ነው እየጠራ የሚመጣው። ክረምታችን የሚገባው ደግሞ ሰኔ ላይ ነው። ስለዚህ የምናገኘው ጊዜ ሳምንታት እንጂ ዓመት አይደለም። ያቺ ጥቂት ሳምንት የምትጠቅመው ዝግጅቱ ቀድሞ ካለ ብቻ ነው። ቶሎ የሚደርስ ዘር መጋዘን ውስጥ ከሌለ «ቶሎ የሚደርስ ዝሩ» የሚለው ምክር ወረቀት ላይ ይቀራል። ማሾ ከሁለት ወር ትንሽ በሚበልጥ ጊዜ ይደርሳል። ሽምብራ ዝናቡ ካበቃ በኋላ አፈሩ ውስጥ በቀረው እርጥበት ይበቅላል። የሚያስፈልገው ዘሩ በሰኔ ቀበሌው አጠገብ መገኘቱ ነው። ያ ደግሞ ከሳተላይት ይልቅ የመኪናና የመጋዘን ጉዳይ ነው።

ሌላው አፈሩ ነው። ገደላገደሉን የሚያውቅ ሰው እርከን ምን እንደሆነ አይጠፋውም። በየዓመቱ ጥር ላይ ሰው ወጥቶ የሚቆፍረው፣ የሚክበው ድንጋይ ቀላል ነገር ይመስላል። እርከን ያለው ማሳ የጣለውን ውሃ ይይዛል። እርከን የሌለው ለቦርከና ወንዝ ይሰጣል። ዝናቡ ቢያቋርጥ አፈሩ የያዘው ውሃ አንድ ሳምንት፣ አንዳንዴ አሥር ቀን ያቆየዋል። ይህች አሥር ቀን የአንድን ቤተሰብ ዓመት ልትወስን ትችላለች። ለኔ እርከን የድሮ ነገር አይደለም። ውሃን ከሚዘንብበት ቀን ወደሚያስፈልግበት ቀን የሚያሸጋግር ቴክኖሎጂ ነው። ባትሪም የሚሠራው ይህንኑ ነው።

ወደ መብራት ልምጣ። ኢትዮጵያ ውስጥ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ኤሌክትሪክ የሚመነጨው ከውሃ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ብቻውን 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። ደስታችን የሚገባ ደስታ ነው። በዚያው ልክ ግን የእናቴ የመብራት ምጣድ አሁን በክረምት ዝናብ ይግላል ማለት ነው። ክረምቱ የባሕር ነው፣ ስለዚህ እንጀራው ከባሕር ጋር ተሳስሯል። ትልቅ ግድብ አንድ መጥፎ ዓመት ሊያሻግር ይችላል። ሁለት ሦስት መጥፎ ዓመት ሲከታተል ነው ፈተናው። ስለዚህ ሁሉንም እንቁላል አንድ ቅርጫት ውስጥ ባናስቀምጥ እመርጣለሁ። ነፋሳችን በአብዛኛው የሚበረታው በበጋው፣ ወንዞች በሚጎድሉበት ጊዜ ነው። ውሃው ሲደክም ነፋሱ ይነሳል። በመቀሌ አቅራቢያ አሸጎዳ 120 ሜጋዋት፣ በአዳማ ሁለቱ አንድ ላይ ከ200 ሜጋዋት በላይ የማመንጨት አቅም አላቸው። ከግድቡ ጋር ሲነጻጸሩ ትንሽ ናቸው። ዋጋቸው ግን በሚነፍሱበት ወር መመዘን አለበት። በበጋ ነፋስ የሚቆጥብልን እያንዳንዱ ሊትር ውሃ ግድብ ውስጥ ለክፉ ቀን ይቀመጣል።

ሐረጎ ላይ ስወርድ ደግሞ ሌላ ነገር አስላለሁ። ሞልቶ የተጫነ ሚኒባስ ሦስት ቶን ይመዝናል እንበል። 650 ሜትር ቁልቁል ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት ከአምስት ኪሎዋት ሰዓት ትንሽ ይበልጣል። ግማሹን ጎማውና ነፋሱ ቢወስዱት የቀረው የፍሬን ሸራውና ሞተሩ ላይ ሙቀት ሆኖ ያልቃል። ሐረጎ ታች ስትደርሱ የሚሸታችሁ የፍሬን ሽታ እሱ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ቁልቁለት ላይ ሞተሩን እንደ ጄኔሬተር ተጠቅሞ ከዚያ ከቀረው ጉልበት አብዛኛውን ወደ ባትሪው ይመልሳል። በየወረደበት ጊዜ አንድ የመብራት ምጣድ ግማሽ ሰዓት ያህል የሚያሠራ ኃይል ያተርፋል። አገራችን ጥር 2016 ላይ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ መወሰኗን ስሰማ መጀመሪያ ወደ ሐሳቤ የመጣው ሐረጎ ነው። ዳገትና ቁልቁለት የበዛበት አገር ለዚህ መኪና ይመቻል። መለዋወጫው፣ ቻርጅ ማድረጊያው፣ የሚጠግነው ሰው ገና ነው። ኮምቦልቻ ውስጥ ያሉ የመኪና ጠጋኞች ይህን ሥራ አሁኑኑ ቢማሩ ደስ ይለኛል። እጃቸው የተባ ነው፣ የሚጎድላቸው ሥልጠናው ብቻ ነው።

ቦርከናን ሳላነሳ ባልፍ ቅር ይለኛል። ከደሴ ወርዶ ኮምቦልቻን አቋርጦ አዋሽ ይገባል። አዋሽ ባሕር አይደርስም። አፋር ውስጥ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። ውሃው በፀሐይ ወደ ሰማይ ይመለሳል። አብሮት የሄደው ቆሻሻ ግን ወደ ሰማይ አይሄድም። ከፋብሪካም ከቤትም የወጣው፣ ከባዱ ብረትም ፕላስቲኩም፣ መንገዱ ላይ ይቀራል፣ አለዚያ ሐይቁ ላይ ይከማቻል። ከደሴ በስተምዕራብ የወደቀው ዝናብ ደግሞ በበሽሎ አድርጎ ዓባይ ይገባል። በአንድ ከሰዓት የጣለ አንድ ዝናብ ግማሹ ወደ አፋር፣ ግማሹ ወደ ሜድትራኒያን ይሄዳል። የባሕር ውሃ እንግዳ ሆኖ መጥቶ በየበራችን ያልፋል። ምን አስይዘን እንደምንሸኘው የኛ ፋንታ ነው።

ዘንድሮ ጥር መጨረሻ ላይ አጎቴ ዘንድ ሄድኩ። ያለኝን ሳልቆርጥ ሳልቀጥል ነገርኳቸው። ሕንድ ውቅያኖስ ምን እንደሚመስል ነገርኳቸው። የመጀመሪያው ዝናብ ጠብ ቢል ተከታይ ላይኖረው እንደሚችልም ነገርኳቸው። ከዚህ በላይ ለማወቅ መሣሪያ የለንም አልኳቸው። ጥቂት አሰቡ። «እንግዲያው የላይኛውን ማሳ ልዝራው፣ የታችኛው ይቆይ» አሉ። «አንቺ ግን በየሳምንቱ ደውይልኝ።»

ማክሰኞ ማክሰኞ ማታ እደውላለሁ። እኔ ደመናው የት እንደደረሰ ከሳተላይት ያየሁትን እነግራቸዋለሁ። እሳቸው ማሳው ውስጥ ገብተው፣ አፈሩን በእጃቸው ጨብጠው፣ ምን ያህል እርጥበት እንደያዘ ይነግሩኛል። ሁለቱንም አንድ ደብተር ላይ እጽፈዋለሁ።